ወንድና ሴት ዳክዬን እንዴት እንለያለን? በሐዋሳ በግቢያቸው ለሚያረቡ የተዘጋጀ መመሪያ

በሐዋሳ በግቢያቸው ጥቂት ዳክዬዎችን የሚያረቡ ሰዎች ሲገናኙ ደጋግመው ከሚጠያየቋቸው ነገሮች አንዱ የትኛው ዳክዬ ወንድ፣ የትኛዋ ደግሞ ሴት እንደሆነች በምን እንደሚታወቅ ነው። በዶሮ ላይ ይህ ጥያቄ ብዙም አያስቸግርም፤ አውራው ገና በጉርምስናው በጩኸቱ፣ በቁመናውና በጅራቱ ላባ ራሱን ይገልጣል። ዳክዬ ግን፣ በተለይ ነጭ ከሆነ፣ ወንዱም ሴቷም ተመሳስለው ያድጋሉ። ስለዚህም «ጥንድ ናቸው» ተብለው የተገዙት ሁለቱም ወንድ ሆነው፣ እንቁላል የሚጠብቀው ባለቤት ወራት ሙሉ ቀልቦ ባዶ እጁን የሚቀርበት፣ አለዚያም ሁለቱም ሴት ሆነው የታቀፉት እንቁላል ሁሉ ሳይፈለፈል የሚበላሽበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ከዚህም በላይ ወንዶቹ ከልክ በላይ ከበዙ ሴቶቹ የአካል ጉዳት ይደርስባቸዋልና ጾታን ለይቶ ማወቅ ከእርባታው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው።

ለመለየት የሚጠቅሙ ምልክቶች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ሁሉም እኩል አይታመኑም። አንዳንዱ ምልክት ዳክዬው ከእንቁላሉ ሳይወጣ በአካሉ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ዕድሜ ልኩን አይለወጥም። ሌላው ግን በሆርሞን የሚመጣ፣ ላባ ሲቀየር የሚጠፋ፣ በእርጅና ወይም በሕመም ጊዜም የሚያሳስት ነው። ሁለት ምልክቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የትኛውን ማመን እንደሚገባ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ብዙ አይቸገርም።

በመጀመሪያ የዳክዬውን ወገን ይለዩ

ማንኛውንም ምልክት ከመፈለግዎ በፊት ያለዎት ዳክዬ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይወቁ። ሰው የሚያረባቸው ዳክዬዎች ከሁለት የተለያዩ የዱር ዝርያዎች የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከሚኖረው፣ ማላርድ ከሚባለውና ወንዱ አረንጓዴ ራስ ካለው የዱር ዳክዬ የወረደ ነው፤ ነጩ ፔኪን፣ ካኪ ካምቤል፣ ሩዌን፣ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ የሚሄደው ኢንዲያን ራነርና ሌሎችም አብዛኞቹ ዝርያዎች የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ሙስኮቪ ነው። ሁለቱ የሩቅ ዘመዳሞች በመሆናቸው ሲዳቀሉ የሚፈለፈለው እንደ በቅሎ መካን ነው፤ የጾታ ምልክቶቻቸውም ለየቅል ናቸው።

ሙስኮቪን ማወቅ አያስቸግርም። በዓይኑና በምንቃሩ ሥር ዙሪያ ላባ የሌለው፣ ቀላ ያለና ጎርበጥባጣ ቆዳ አለው፤ አካሉ ረዘም ያለና ወደ መሬት የቀረበ ነው፤ ጥፍሮቹም ስለታምና ጠንካራ ናቸው። ያደገ ዳክዬ ሆኖ ፊቱ ሙሉ በሙሉ በላባ የተሸፈነ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ወገን ነው ብለው ይውሰዱ። ይህን ሳይለዩ የሚሰጥ ፍርድ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ለአንዱ ወገን ቁርጥ ያለ ማስረጃ የሆነው ምልክት በሌላው ላይ ከነጭራሹ የለምና።

ከሁሉ የሚታመነው ድምፅ ነው

ከማላርድ በወረዱት ዳክዬዎች ላይ ወንዱን ከሴቷ የሚለየው ዋነኛ ምልክት ድምፅ ነው። ጎላ ብሎ «ቋክ፣ ቋክ» የሚለውና ከአጥር ውጭ የሚሰማው የታወቀው የዳክዬ ጩኸት የሴቷ ነው። ስትደነግጥ፣ ስትራብ ወይም ከባልንጀሮቿ ስትለይ ደጋግማ ትጮኻለች፤ አንዳንድ ጊዜም የመጀመሪያው ጩኸት ከፍ ብሎ ይወጣና ተከታዮቹ እያነሱ ይሄዳሉ። ወንዱ ግን እንዲህ መጮህ አይችልም። የእሱ ድምፅ የታፈነ፣ የሻከረና ዝቅ ያለ ስለሆነ ራቅ ካሉ በደንብ አይሰማም። ብዙ ሰው ከዶሮ ልማድ ተነሥቶ «የሚጮኸው አውራው ነው» ስለሚል፣ በዳክዬ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አጥብቆ መያዝ ይገባል።

ምክንያቱ የአፈጣጠር ልዩነት ነው። ወፎች ድምፅ የሚያወጡት በጉሮሯቸው አናት ሳይሆን የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት ሥፍራ ነው። በወንዱ ዳክዬ ላይ በዚህ መገንጠያ በስተግራ በኩል ውስጡ ባዶ የሆነ አጥንታማ እብጠት አለ፤ በሴቷ ላይ ግን የለም። የወንዱ ድምፅ ከሴቷ የሚለየው በዚህ ነው። ይህ አጥንታማ አካል ቅርጹን የሚይዘው ፅንሱ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ላባ ቢረግፍ፣ ሆርሞን ቢለዋወጥ፣ ዳክዬው ቢያረጅ እንኳ ባለበት ይኖራል። በእኔ አመለካከት አንድ አርቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ቢሆን ይህን ቢይዝ ይጠቀማል።

ሙከራው እንዲህ ይደረጋል። ጠዋት ከመለቀቃቸው በፊት፣ የሐዋሳ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ዳክዬዎቹን ሳያዋክቡ ወደ ግቢው ጥግ ወይም ወደ ጠባብ ክፍል ይሰብስቡ። አንዱን ይምረጡና ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር ገጥመው በሁለት እጅዎ ከላይ ይያዙት፤ ወዲያው አንዱን እጅዎን ከደረቱ ሥር አስገብተው ክብደቱን ይሸከሙ። ዳክዬን እንደ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥሎ መያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ እግሮቹ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ደካማ ስለሆኑ በቀላሉ ይወልቃሉ ወይም ይሰበራሉ። ከዚያ ከሌሎቹ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ይቁሙና ያዳምጡ። ሴት ከሆነች ለአፍታ ትንፈራገጥና ምንቃሯን ከፍታ ጮክ ብላ ትጮኻለች፤ በያዛት እጅዎ ላይም በእያንዳንዱ ጩኸት ደረቷ ሲርገበገብ ይሰማዎታል። ወንድ ከሆነ ደግሞ እንደዚሁ ምንቃሩን ይከፍታል፣ አንገቱንም ይዘረጋል፤ የሚወጣው ግን «ኽኽኽ» የሚል የሻከረ ድምፅ ነው። ሁለቱን አንድ ጊዜ አከታትሎ የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

ጾታውን እንዳወቁ፣ ከመልቀቅዎ በፊት፣ ምልክት ያድርጉበት። ለወንዱ በቀኝ እግሩ፣ ለሴቷ በግራ እግሯ ላይ ባለቀለም ክር ላላ አድርጎ ማሰር ይበቃል፤ ወይም ጥፍሩን የጥፍር ቀለም መቀባት ይቻላል። ክሩን በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል፤ ዳክዬው እያደገ ሲሄድ ክሩ እግሩን ሊያንቀው ይችላልና። ምልክት ያልተደረገበት ነጭ ዳክዬ ወደ ነጭ መንጋ ከተቀላቀለ ግን ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ይህ ሙከራ ዕድሜ ይጠይቃል። ጫጩቶች ወንድም ሴትም ሳይሉ ሁሉም በቀጭኑ ስለሚጮኹ፣ 4 ሳምንት ሳይሞላቸው በድምፅ ለመፍረድ መሞከር ድካም ብቻ ነው። የሴቷ ድምፅ ከ4ኛው ሳምንት በኋላ መጎርነን ይጀምራል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላቸው ደግሞ የአብዛኞቹ ጾታ በድምፅ ይለያል። ወንዶቹ ቀጭኑን የጫጩት ድምፅ ትንሽ ቆየት አድርገው ከያዙ በኋላ ድምፃቸው ይሻክራል። በዚህ መካከል ዝም ያለ ዳክዬ ሁሉ ወንድ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ረጋ ያለች ሴት ተይዛም ላትጮኽ ትችላለች። ወንድ ነው ለማለት የሻከረውን ድምፅ በጆሮ መስማት ያስፈልጋል፤ ካልሰሙ በሌላ ቀን ይድገሙት።

ሙስኮቪ ሲሆን

ሙስኮቪ ካለዎት ከላይ የተገለጸውን የጩኸት ሙከራ ይተዉት። የሙስኮቪ ሴት በባሕርይዋ ዝምተኛ ናት፤ ለስለስ ያለና የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ድምፅ አላት፤ በጣም ስትደነግጥ ብቻ ደከም ያለ ጩኸት ታሰማ ይሆናል። ወንዱ ደግሞ ትንፋሹን «ሽሽሽ» እያደረገ ያወጣል። ሁለቱም ስለማይጮኹ ሙስኮቪ ብቻ ያለው ሰው ዳክዬዎቹ ሁሉ ወንድ መስለው ሊታዩት ይችላሉ።

በዚህ ወገን ጾታን የሚገልጠው ዋነኛ ነገር መጠን ነው። ያደገ ወንድ ሙስኮቪ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሲመዝን፣ ሴቷ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ላይ ትቀራለች፤ ይህን ያህል የሰፋ የክብደት ልዩነት በፔኪን ወይም በካኪ ካምቤል ላይ አይታይም። አብረው ከተፈለፈሉ ጫጩቶች መካከል ከ8ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ወንዶቹ በግዝፈታቸው፣ በእግራቸው ውፍረትና በመዳፋቸው ስፋት ተለይተው ይታወቃሉ። ይህ የሚሠራው ግን ዕድሜያቸው እኩል ከሆነና እኩል ከተመገቡ ነው፤ በተለያየ ሳምንት የተፈለፈሉትን አቀላቅሎ ትልቁን ወንድ፣ ትንሹን ሴት ማለት ያሳስታል። ወራት ሲጨመሩ የወንዱ ፊት ይበልጥ ቀልቶና ጎርብጦ እስከ ምንቃሩ ሥር ድረስ ይሰፋል፤ የሴቷ ግን ጠበብ ብሎ በዓይኗና በምንቃሯ አካባቢ ይወሰናል። ወንዱ ሲቆጣ ወይም ሴትን ሲያሽኮረምም የራሱን ላባ ያቆማል፣ አንገቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀንቃል፣ ጅራቱንም ያወዛውዛል። ደግሞም ከባዱ ወንድ መብረር ስለሚያቅተው፣ ማታ ማታ አጥር ላይ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥታ የምትገኘው ያደገች ሙስኮቪ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት።

ላባ፦ የሚያምርም የሚያሳስትም ምልክት

ከማላርድ የወረደ ወንድ ዳክዬ ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ ከጅራቱ በላይ መሐል ላይ ያሉ ጥቂት ላባዎች ወደ ላይና ወደ ፊት ይጠቀለላሉ። ይህን ለማየት ከኋላው ጎንበስ ብሎ በጅራቱ ቁመት ላይ መመልከት ይሻላል፤ ከላይ ሲታይ ጥቅልሉ ከወገቡ ላባ ጋር ይመሳሰላል። የሚወጣው የጎልማሳው ላባ ሲበቅል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ፣ በአንዳንዱም ዘግይቶ። ጥቅልሉ ካለ ዳክዬው ወንድ ነው ብሎ ለመናገር ከሞላ ጎደል ይቻላል። ከሌለ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ ገና ያልደረሰ፣ ላባ በመቀየር ላይ ያለ፣ ወይም ሲጣላ የተነጨ ሊሆን ይችላል። ሙስኮቪ ላይ ደግሞ በወንዱም ቢሆን ይህ ጥቅልል የለም።

ቀለም የሚረዳው በአንዳንድ ዝርያ ላይ ብቻ ነው። የሩዌን ወንድ አረንጓዴ ራስ፣ ነጭ የአንገት ቀለበት፣ ወደ ጥቁር ቀይ ያደላ ደረትና ግራጫ ጎን ሲኖረው፣ ሴቷ ከራሷ እስከ ጅራቷ ቡናማ ሆና በጠቆር ያለ ቀለም የተዥጎረጎረች ናት። የካኪ ካምቤል ወንድ ራሱና አንገቱ ነሐስ መሰል አብረቅራቂ ጥቁር ቀለም አለው፤ ሴቷ ግን ባጠቃላይ ካኪ ናት። የወንዱ ራስ አረንጓዴነት ብርሃን በላባው ላይ ሲያንጸባርቅ የሚታይ እንጂ የተቀባ ቀለም ስላልሆነ፣ በጥላ ሥር ወይም በደመናማ ቀን ጥቁር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ አውጥተው ይመልከቱት። ክንፍ ላይ ያለው ሰማያዊ አብረቅራቂ መስመር ግን በሁለቱም ጾታ ስለሚገኝ ማስረጃ አይሆንም። ነጭና ጥቁር ዳክዬዎች ላይ ቀለም የሚነግረን ነገር የለም።

ወጣት ወንዶች የጎልማሳ ላባቸው እስኪወጣ ድረስ እናታቸውን ይመስላሉ። ያደገውም ወንድ በዓመት አንድ ጊዜ ደማቅ ላባውን ጥሎ ለተወሰነ ጊዜ የሴት መልክ ይይዛል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተዘጋጁ መመሪያዎች ይህ የሚሆነው በእነሱ ሞቃት ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አካባቢ እንደሆነ ይናገራሉ። በዚያ አገር የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት እጅግ ስለሚለያይ ወፎቹ ጊዜያቸውን በብርሃኑ ይለካሉ። ሐዋሳ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በእኛ ግቢ የላባ መቀየሪያውን ወር ከእነዚያ መመሪያዎች መውሰድ አይገባም፤ መመልከት ያለብን ዳክዬውን ራሱን ነው። በማደሪያው ወለል ላይ ብዙ ላባ ከተገኘ፣ የክንፉ ትልልቅ ላባዎች አንድ ላይ ከረገፉና ዳክዬው ፈዘዝ ካለ ላባ በመቀየር ላይ ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ስለ ጾታው በላባ ምንም ፍርድ አይሰጥ። ድምፁ ግን በዚያን ጊዜም አይለወጥም።

አንድ ያልተለመደ፣ ነገር ግን ሲያጋጥም ባለቤቱን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ስትጥል የኖረች አሮጊት ዳክዬ እንቁላል መጣል ታቆምና ቀስ በቀስ ራሷ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጅራቷም ላይ ጥቅልል ላባ ይወጣል። ይህ ተአምር አይደለም፤ ሌላ ዳክዬ ተተክቶብኝ ይሆን ብሎ መጠርጠርም አያስፈልግም። የሴት ዳክዬ እንቁልጢ፣ ማለትም እንቁላል የሚያመነጨው የውስጥ አካሏ፣ ሥራውን የሚሠራው የግራው ብቻ ነው፤ የሴትነት ላባዋም የሚጠበቀው ከእርሱ በሚመነጨው ሆርሞን ነው። እንቁልጢው በሕመም ወይም በእርጅና ሥራውን ካቆመ የወንድ የሚመስለው ላባ ይወጣል። እንዲህ ያለችው ዳክዬ አፏን ስትከፍት ግን እንደ ድሮዋ «ቋክ» ትላለች።

ምንቃር፣ ዳሌና እንቁላል

የዱር መልክ ባላቸው ዳክዬዎች ላይ ምንቃር ከላባ ቀደም ብሎ ይናገራል፤ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ የወንዱ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ አረንጓዴ ሲያደላ፣ የሴቷ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ሆኖ በጠቆረ ነጠብጣብ ይሸፈናል። በፔኪን ላይ የሁለቱም ብርቱካናማ ነው፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ የጣለች ሴት ምንቃሯ ሊደበዝዝና ጥቁር ነቁጥ ሊወጣበት ይችላል። የወንዱ ራስና አንገት ወፈር ማለቱም እውነት ነው፤ ይህ ግን ጎን ለጎን አቁሞ ለማነጻጸር እንጂ ለብቻው ለመፍረድ አይበቃም።

እንቁላል የምትጥል ዳክዬ ከጅራቷ ሥር በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ቀጫጭን የዳሌ አጥንቶች ተራርቀው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያስገባሉ፤ በወንዱና ባልጀመረችው ላይ ግን ተቀራርበውና ጠጥረው ይገኛሉ። እንግዲህ አጥንቶቹ የሚነግሩን ዳክዬዋ እየጣለች መሆኗን ነው፤ ጠባብ ሆነው ሲገኙ ወንድ ነው ወደሚል ድምዳሜ መሄድ አይቻልም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ እንቁላሉ ራሱ ነው። ቀላል ክብደት ያላቸው ዝርያዎች ከ5 እስከ 6 ወር፣ ሙስኮቪ ከ6 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ መጣል ይጀምራሉ። ዳክዬዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት በሌሊትና በማለዳ ስለሆነ፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ሳይለቀቁ ቢቆዩ እንቁላሉ በየቁጥቋጦው ከመጥፋት ይድናል። የትኛዋ እንደጣለች ለማወቅ የተጠረጠረችውን ለብቻዋ በደረቅ ሣር ላይ ማሳደር ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲወጣ ማየት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ሴቶችም አንዷ በሌላዋ ላይ ይወጣሉ።

ጫጩቶችን በተመለከተ

ትልልቅ የጫጩት አምራቾች በተፈለፈሉ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ጾታን የሚለዩት ኩስ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጥንቃቄ ከፍቶ በማየት ነው። ወንድ ዳክዬ፣ ከአውራ ዶሮ በተለየ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ብልት ስላለው ገና በተፈለፈለ በመጀመሪያው ቀን እንኳ ትንሽ ሹል ነገር ሆኖ ይታያል፤ በሴቷ ላይ ይህ የለም። ሥራው ለሠለጠነ እጅ ፈጣንና አስተማማኝ ነው። ላልሠለጠነ ግን አልመክርም፤ ሆዱ ላይ ትንሽ ጠንከር ብሎ የተጫነ ጣት ያልተመጠጠውን አስኳል ሊያፈርጥ ወይም ጫጩቱን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። በግቢው ጥቂት ጫጩት ያለው ሰው የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ 8 ሳምንት መታገሥ ይችላል። የግድ ካስፈለገ ይህን ሲሠራ የኖረ የእንስሳት ባለሙያ ፊት ለፊት እያሳየ ቢያስተምር ይሻላል፤ ከጽሑፍ የሚለመድ ሥራ አይደለም። በቻይና ደግሞ ረጅም ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ያን አጥንታማ እብጠት ከአንገቱ ሥር በጣታቸው ዳስሰው ወንዱን ይለያሉ።

የእንቁላልን ቅርጽ አይቶ ሹሉ ወንድ፣ ክቡ ሴት ይሆናል የሚለው አባባል በዶሮም በዳክዬም ላይ ይነገራል። ይህ አይሠራም። የእንቁላሉን ቅርጽ የሚወስነው የእናቲቱ የእንቁላል ቧንቧ ሲሆን፣ የጫጩቱን ጾታ የሚወስነው ከእናቲቱ የሚተላለፈው ክሮሞዞም ነው፤ አንዱ ስለ ሌላው የሚናገረው ነገር የለም። ሲታቀፍ የነበረው ሙቀትም ወንዱን ወደ ሴት ወይም ሴቷን ወደ ወንድ አይለውጥም። በአርባ ምንጭ በኩል ያሉ አዞዎች ጾታ በሙቀት የሚወሰን መሆኑ እውነት ነው፤ በወፎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ የዳክዬ እንቁላል ለምትታቀፍ ዶሮ ሰጥቶ 28 ቀን፣ የሙስኮቪ ከሆነም 35 ቀን የሚጠብቅ ሰው፣ ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቦ ይጀምር።

ሲገዙ

ዳክዬ ሲገዙ ቢያንስ 8 ሳምንት የሞላቸውን ይምረጡ፤ በቀን ብርሃን ይግዙ። ዳክዬዎቹ በቅርጫት ወይም በካርቶን ውስጥ ታጭቀው ከሆነ የማን ድምፅ እንደሚሰማ አይታወቅምና፣ ሻጯን በአክብሮት «እትዬ፣ አንዷን ለብቻዋ አንስቼ ልስማት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። በቅንነት የሚሸጥ ሰው አይከለክልም፤ ራሱም ጾታውን ላያውቅ ይችላል። እየጮኸች ያለችውን ሴት ወስደው ወንዱን ደግሞ በድምፁና በጥቅልል ላባው ካረጋገጡ በኋላ ይክፈሉ። ገና ጫጩት ሳሉ ከመግዛት ሌላ ምርጫ ከሌለ፣ ጥንድ የሚባል ነገር እንደሌለ ቆጥረው 5 ወይም 6 ይግዙና ሲያድጉ ትርፍ ወንዶቹን ይለዋወጡ ወይም ይሽጡ።

በሐይቁ ዳርቻ የሚታዩትን የዱር ዳክዬዎች እንደ መማሪያ መውሰድ አይጠቅምም። በአገራችን ሐይቆች የሚኖረው ባለቢጫ ምንቃር ዳክዬ ወንዱም ሴቷም ላባቸው ተመሳሳይ ነው፤ የግብፅ ዝይ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ከዱር አምጥቶ ማርባትም አይገባም።

ስንት ወንድ ለስንት ሴት?

ጾታቸው ከታወቀ በኋላ ቁጥራቸውን ማመጣጠን ያስፈልጋል። ለአንድ ወንድ ከ4 እስከ 6 ሴት ተገቢ ነው፤ እንቁላሉ ለምግብ ብቻ ከተፈለገ ወንድ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ሴቷ ያለ ወንድ ትጥላለች። ወንዶች ሲበዙ አንዷን ሴት እየተፈራረቁ ያሳድዷታል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በአንገቷ ጀርባና በራሷ አናት ላይ ነው፤ ወንዱ በምንቃሩ ነክሶ የሚይዛት በዚያ ስለሆነ ላባው ተነጭቶ ቆዳዋ ይገለጣል፣ ሲብስም ይቆስላል። የምታነክስ፣ ዓይኗ ያበጠ ወይም ከውኃው ሳፋ የምትሸሽ ሴት ካዩ ወንዶቹን በዚያው ቀን ይለዩ። ሴት በሌለችበት ወንዶቹ ብቻቸውን አብረው በሰላም ይኖራሉና ሌላ አጥር እስኪሠራ ድረስ ለጊዜው ለብቻ ማዋል ይቻላል።

ዶሮና ዳክዬን በአንድ ግቢ የሚያረቡ ደግሞ አንድ ነገር መጨመር አለባቸው። ሴት ዳክዬ ያጣ ወንድ ዳክዬ ወደ ሴት ዶሮዎች ይሄዳል። የአውራ ዶሮ ግንኙነት ቀዳዳን ከቀዳዳ በማገናኘት ብቻ የሚፈጸም ሲሆን፣ ወንዱ ዳክዬ ግን ብልት ስላለው ዶሮዋን ከውስጥ ሊጎዳትና ለሞት ሊያበቃት ይችላል። ስለዚህ በድምፁ ወንድ መሆኑ የተረጋገጠ ዳክዬ በቂ ሴት ዳክዬዎች እስኪገኙለት ድረስ ከዶሮዎቹ በሽቦ ወይም በእንጨት አጥር ተለይቶ መዋልና ማደር አለበት።